«ምን ፈልጎ ነው?» እንዴት ይሠራል?

ጎረቤትዎ ማንም ሳይጠይቀው ደጅዎን ሲጠርግ አገኙት እንበል። አፍዎ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፤ ሆድዎ ደግሞ «ምን ፈልጎ ነው?» ይላል። እስቲ ቡናው እስኪፈላ ይህችን ጥያቄ እንፈታታት።

መጀመሪያ ጥንካሬዋን ይፈትኑ። ጎረቤትዎ ኋላ ገንዘብ ቢጠይቅ «ብዬ ነበር!» ይላሉ። ባይጠይቅ፣ «ስም ፈልጎ ነው»። በሌሊት ተደብቆ ቢጠርግስ? «ጽድቅ ሊሸምት!» አሁን ጥርጣሬዎን የሚረታ አንድ መልስ ይፈልጉ። ካጡ፣ የያዙት ቀዳዳ የሌለው ወንፊት ነው፤ ዱቄቱንም አሰሩንም አብሮ ያስቀራል።

ሁለተኛው ብልሃቷ ታክሲ ውስጥ ይታያል። ረዳቱ ገና ብሩን ከእጃችን ሳይቀበል «መልስ!» እንላለን። መልሱ ይመጣል። ባንጠይቀውስ ይሰጠን ነበር? አናውቅም፤ ጊዜ አልሰጠነውማ። አምነው የተበሉባትን ቀን ዕድሜ ልክዎን ያስታውሷታል። ተጠራጥረው ያጡት ነገር ግን አይታይም፣ አይቆጠርም። ጥርጣሬ ስህተቷ ስለማይያዝባት ሁልጊዜ ልክ ትመስላለች።

የሰውን በጎነት ሁሉ በዚህ ዓይን ማየት ሲኒሲዝም ይባላል። ስሙ የመጣው ግን ከሌላ ዓይነት ሰዎች ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት አቴና ውስጥ ሰው «ውሾች» እያለ የሚሰድባቸው ፈላስፎች ነበሩ፤ እነሱም ስድቡን በደስታ ተቀበሉት። ዝነኛው ዲዮጋን ነው። በጥቁር ባሕር ዳርቻ ካለችው ከሲኖፕ የተባረረው የሳንቲም ገንዘብን በማበላሸት ጉዳይ እንደሆነ ይነገራል። በአቴና ጋን ውስጥ ይኖር ነበር። (በርሜል ነው የሚሉ አሉ፤ የእኛ ሰው ግን የሸክላ ጋን ሲባል ወዲያው ይገባዋል።) በጠራራ ፀሐይ ፋኖስ አብርቶ «ሰው እፈልጋለሁ» እያለ ይዞር እንደነበርም ይተረካል።

እኔን የሚማርከኝ የኩባያው ታሪክ ነው። ዲዮጋን አንድ ልጅ በመዳፉ ውሃ ሲጠጣ አየና፣ «በቀላል ኑሮ ልጅ በለጠኝ!» ብሎ ኩባያውን ወረወረ ይባላል።

ቧንቧው ጋ ሄደው ይሞክሩት። መዳፎችዎን ያጋጥሙ፣ ይሙሉ፣ ይጠጡ። ጥም ይቆርጣል፤ ግን ውሃው በክንድዎ ወርዶ እጅጌዎን ያበሰብሳል። ዲዮጋን «ይህ ነገር በእርግጥ ያስፈልጋል?» ብሎ ሲጠይቅ እጅጌው የሚርሰው የራሱ ነበር። ሹመትን፣ ሀብትን፣ ክብርን ሁሉ የተጠራጠረው እንዲሁ በገዛ ኑሮው እየሞከረ ነው። የዛሬው ተጠራጣሪ ጥርጣሬውን ወርሶ ሙከራውን ትቶታል፤ ሶፋው ላይ ደርቆ ተቀምጦ ጎረቤቱን ይመረምራል።

የዲዮጋን ተከታይ የሚባለው የቴቤው ክራቴስ ደግሞ ሀብታም ነበር፤ ሁሉንም ትቶ ድህነትን መረጠ። ቅጽል ስሙ «በር ከፋች» ነበር፤ ወደየሰው ቤት እየገባ ይመክር፣ የተጣላ ያስታርቅ ነበርና። እኛ አገር ቢሆን ሽማግሌ ተብሎ ከፍ ያለ ወንበር በተሰጠው።

እርስዎም የታክሲውን ጉዳይ ይሞክሩት። ለአንድ ሳምንት «መልስ!» ከማለትዎ በፊት ትንሽ ይታገሡ። ሲሳፈሩ «ሳልጠይቅ ይሰጠኛል» ወይም «አይሰጠኝም» ብለው ስልክዎ ላይ ይጻፉ፤ ሲወርዱ የሆነውን ከጎኑ ያስፍሩ። ታዲያ በ200 ብር ኖት አይጀምሩ። መውረጃዎ ደርሶ ረዳቱ ዝም ካለም ይጠይቁት፤ ሙከራ ነው ብለው ብርዎን አይተዉለት።