መጽሐፉን በየደጁ ዞሮ የሸጠው የፊልም ሰው

ኦስካር ሚሾ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። ደራሲም የፊልም አዘጋጅም ነበር። የተወለደው በ1884 በኢሊኖይ ግዛት ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ የተወለዱት በባርነት ነበር። በባርነቱ ዘመን በብዙ የደቡብ ግዛቶች ባሪያን ፊደል ማስቆጠር በሕግ የተከለከለ ነበር።

ኦስካር በወጣትነቱ ቺካጎ ሄደ። በባቡር ላይ የመንገደኛ ሻንጣ እየተሸከመ፣ አልጋ እያነጠፈ ገንዘብ አጠራቀመ። ከዚያም በሳውዝ ዳኮታ መሬት ገዝቶ ገበሬ ሆነ። ግን ድርቅ ገባ። መሬቱም ከእጁ ወጣ።

ታዲያ ምን አደረገ? ብዕር አነሳ። ያየውን፣ የደረሰበትን ጻፈ። የመጀመሪያው መጽሐፉ በ1913 ታተመ። ቁጭ ብሎም ገዢ አልጠበቀም። መጽሐፉን ተሸክሞ ከገበሬ ቤት ገበሬ ቤት እየዞረ ሸጠ።

በ1918 አንድ የፊልም ኩባንያ «ሰፋሪው» የሚለውን መጽሐፉን ፊልም ሊያደርገው ፈለገ። ሚሾ ሥራውን ራሱ እንዲመራ ጠየቀ። አልተስማሙም። እሱም የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። አክሲዮኑንም ለገበሬዎች ጭምር ሸጠ። ፊልሙ በ1919 ታየ።

ያን ጊዜ ፊልም ድምፅ አልነበረውም። ንግግሩ በመጋረጃው ላይ ተጽፎ ይነበብ ነበር።

በ1920 «በደጃችን» የተባለውን ፊልም አወጣ። ታሪኩ የአንዲት አስተማሪ ነው። በደቡብ ያለው የጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት በገንዘብ እጦት ሊዘጋ ሆነ። አስተማሪዋ ገንዘብ ፍለጋ ወደ ሰሜን ትሄዳለች። ፊልሙ ጥቁሮች ያለ ፍርድ እንዴት ይሰቀሉ እንደነበርም ያሳያል። በቺካጎ የሳንሱር ሰዎች ሁከት ያስነሳል ብለው መጀመሪያ ከለከሉት። ባለፈው ዓመት በከተማው በነጭና በጥቁር መካከል ደም ፈሶ ነበርና። ኋላ ግን ታየ።

ሚሾ ፊልሙን ራሱ ይዞ ከከተማ ከተማ ይዞር ነበር። በ1928 ኩባንያው ከሰረ። እሱ ግን አልተወም። በ1931 ድምፅ ያለው ረጅም ፊልም በማዘጋጀት ከጥቁር አሜሪካውያን የመጀመሪያው ሆነ። በ1951 እስኪሞት 40 ያህል ፊልሞች ሠርቷል።

አብዛኞቹ ጠፍተዋል። «በደጃችን»ም ጠፍቶ ነበር። አንድ ቅጂ ስፓኝ አገር ተገኘ። በ1993 ታድሶ ዛሬ ይታያል።

ጥያቄዎች
1. ሚሾ መሬቱን ካጣ በኋላ ምን ሠራ?
2. ፊልሙ በቺካጎ መጀመሪያ ለምን ተከለከለ?
3. በእናንተ ቀዬ እንዳይረሳ መጻፍ ያለበት ነገር ምንድን ነው? ሦስት መስመር ጻፉ።