«14 ቮልት አሳየ፣ ሞልቷል!»፦ ስለ ሶላር ባትሪ ተረትና እውነታ

የመብራት መስመር ባልደረሰባቸው የራያ ቀበሌዎች ማታ ቤት የሚያበራው፣ ሞባይል ቻርጅ የሚያደርገው ቀን ከፀሐይ የጠገበ ባትሪ ነው። ቆቦ ከተማ ውስጥም መብራት ሲጠፋ ባለሱቁ የሚያየው ወደ ባትሪው ነው። ባትሪው ላይ የሚታሰረው ትንሽ ቮልት ሜትር ግን መቼና የት እንደለካ ካልታወቀ ያሳስታል።

ተረት፦ እኩለ ቀን ላይ 14 ቮልት ካሳየ ባትሪው ሞልቷል።
እውነታ፦ ፀሐይ እየሞላችው ሳለ የሚነበበው የቻርጁ ግፊት ነው፤ ግማሽ የሆነ ባትሪም 14 ሊያሳይ ይችላል። ትክክለኛው መለኪያ ሰዓት ማለዳ፣ ፀሐይ ፓኔሉን ሳትመታና አምፖሉ ጠፍቶ ባትሪው ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ ነው።

ተረት፦ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12 እስካሳየ ድረስ አይጎዳም።
እውነታ፦ ያረፈ የአሲድ ባትሪ ሙሉ የሚባለው ከ12.6 ጀምሮ ነው። 12.2 ገደማ ግማሽ ነው፤ 12.0 ላይ የቀረው ሩብ ያህል ብቻ ነው። በየሌሊቱ ከግማሽ በታች የሚወርድ ባትሪ ዕድሜው ያጥራል።

ተረት፦ ሜትሩ የትም ቢታሰር ያው ነው።
እውነታ፦ ወደ ፍሪጅ በሚሄደው ሽቦ ጫፍ ላይ ከታሰረ፣ ፍሪጁ ሲነሳ ሽቦው የሚበላውን ቀንሶ ያነባል። በራሱ ሁለት ሽቦዎች በቀጥታ ከባትሪው ሞርሴቶ ይታሰር። ቀዩ ሽቦ ላይ፣ ባትሪው አጠገብ፣ ባለ 1 አምፔር ፊውዝ ይግባበት፤ ቀጭን ሽቦ ያለ ፊውዝ ከተነካካ እሳት ያስነሳል። ማብሪያ ማጥፊያም አይርሱ፦ 20 ሚሊ አምፔር የሚወስድ ሜትር ሳይጠፋ ከከረመ በወር 14 አምፔር ሰዓት ያህል ይጨርሳል።

ተረት፦ ለሁለት ባትሪ አንድ ንባብ ይበቃል።
እውነታ፦ በተከታታይ ታስረው 24.6 የሚያሳዩ ሁለት ባትሪዎች፣ አንዱ 12.8 ሌላው 11.8 ሊሆኑ ይችላሉ። እያንዳንዱን ለየብቻ ይለኩ። ጎን ለጎን ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ከታሰሩ ደግሞ ሁለቱም አንድ ቁጥር ስለሚያሳዩ ደካማው ይደበቃል፤ እሱን ለማግኘት ነጥሎ፣ አሳርፎ መለካት ነው።

ተረት፦ ጠዋት 12.7 ካሳየ ባትሪው ጤነኛ ነው።
እውነታ፦ ቮልት መሙላቱን እንጂ ምን ያህል እንደሚይዝ አይናገርም። ያረጀ ባትሪም ቶሎ ይሞላል፤ ጭነት ሲመጣ ግን ወዲያው ይወርዳል። ለቆላው ደግሞ ይህ ይብሳል፦ ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የአሲድ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ከጋለ ቆርቆሮ ሥር አውጥተው አየር የሚገባበት ጥላ ላይ ያኑሩት።

ተረት፦ ይህ ሁሉ ለሊቲየምም ይሠራል።
እውነታ፦ በሶላር የተለመደው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ አብዛኛውን ጉልበቱን እስኪጨርስ ድረስ ከ13 ቮልት ብዙም አይርቅም፤ ከዚያ በድንገት ይወርዳል። ለእሱ የገባውንና የወጣውን አምፔር የሚቆጥር ሜትር ይግዙ።