ተጨማሪ መረጃ፦ በነፃ የተገኘ ሁሉ ክፍት ነው?

በቴሌግራም የሚዘዋወር የመጽሐፍ ፒዲኤፍ ገንዘብ ስላልተጠየቀበት ብቻ «ክፍት የትምህርት ግብዓት» አይባልም። በ2002 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ስብሰባ የወጣው ይህ ስያሜ ባለቤቱ ሌሎች እንዲያባዙት፣ እንዲያሻሽሉትና እንዲያከፋፍሉት የፈቀደውን ሥራ ያመለክታል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ከድረ ገጹ ግርጌ ክሪኤቲቭ ኮመንስ የተባለውን ፈቃድ ፈልጉ። አማርኛ ዊኪፔዲያ ይህ ፈቃድ አለው። ኪዊክስ በተባለው መተግበሪያ ደሴ ላይ በዋይፋይ ያወረዳችሁትን የዊኪፔዲያ ፋይል ኮምቦልቻ ላለ ጓደኛ በሚሞሪ ካርድ ብትሰጡት፣ መተግበሪያው ካለው ያለ ኢንተርኔት ያነበዋል። የአማርኛው ቅጂ ስልክ አይሞላም፤ የእንግሊዝኛው ሙሉ ቅጂ ግን ከ90 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ አትሞክሩት። ስለ ጦሳ ተራራ ወይም ስለ ቦርከና ወንዝ የጎደለ ካገኛችሁ፣ ምንጭ ጠቅሳችሁ በራሳችሁ አማርኛ ዊኪፔዲያው ላይ ጨምሩ።