ኳርተርባኩን የሚጠብቁ አምስቱ

በአሜሪካ ፉትቦል ኳርተርባክ የሚባለው ኳስ ወርዋሪ ስሙ በየአደባባዩ ሲወደስ፣ እርሱ እንዳይወድቅ በደረታቸው የሚመክቱለት አምስቱ የመስመር ሰዎች ግን፣ ወደ ፊት የተወረወረ ኳስ ይቀበሉ ዘንድ ሕጉ በተለመደው አሰላለፍ ስለማይፈቅድላቸው፣ ስማቸው የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ጥፋት ሲገኝባቸው ነው። በመካከል ሴንተር፣ በግራ በቀኙ ሁለት ጋርዶች፣ በዳርና በዳር ሁለት ታክሎች ይቆማሉ፤ ስለ አቋቋማቸው ይህ ይበቃል።

ይህ ሥራ የግዙፋን ሰዎች መገፋፋት ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ሻል ያለ ዕውቀት ያላቸውም ቢሆኑ የግራው ታክል ከጠነከረ ሌላው አያሳስብም ይላሉ። በእርግጥ በቀኝ እጁ የሚወረውር ኳርተርባክ ሲዘጋጅ ጀርባውን ለግራው ወገን ስለሚሰጥ፣ ከዚያ የሚመጣበትን አያይም። እኔ በምኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ኖቬምበር 18 ቀን 1985 የኒው ዮርክ ጃየንትሱ ሎረንስ ቴይለር የከተማውን ኳርተርባክ ጆ ታይስማንን ሲጥለው እግሩ ተሰብሮ፣ ከዚያ ወዲያ በጨዋታ ያልታየበትን ሌሊት በዕድሜ የገፉ ጎረቤቶቼ ዛሬም በሐዘን ያነሡታል። ሆኖም ከዚህ ተነሥቶ መስመሩን የአንድ ሰው ተልእኮ ማድረግ ታላቅ ስሕተት ነው።

የዚህ ሥራ ምሥጢር ጎልቶ የሚታየው ከተቃራኒው ወገን ሁለት ሰዎች በተንኰል ሲጠላለፉ ነው። በዳር የቆመው ወደ ውስጥ ሰብሮ በጋርዱ ላይ ይወረወራል፤ በውስጥ የነበረው ደግሞ ከኋላው ዞሮ በዳር በኩል ብቅ ይላል። ታክሉና ጋርዱ እያንዳንዳቸው በፊት የያዙትን ሰው ልከተል ቢሉ እርስ በርሳቸው ተጋጭተው መንገዱን ወለል አድርገው ይከፍቱታል፤ ስለዚህ ታክሉ የእርሱን ሰው በእጁ ገፋ አድርጎ ለጋርዱ ያስረክባል፣ ጋርዱም የያዘውን ለቆ አዲሱን ይቀበላል፣ ታክሉም ዞሮ የመጣውን ይጠብቃል። ይህ ሁሉ በቅጽበት የሚፈጸም ሲሆን፣ ከሁለቱ አንዱ አንድ እርምጃ አብልጦ ወደ ኋላ ቢያፈገፍግ ርክክቡ ይበላሻል። መዘምራን በማኅሌት መቋሚያቸውን ባንድነት እንደሚያነሡ፣ እነዚህም እግራቸውን በአንድ ልክ ማንሣት አለባቸው። ሴንተሩም ኳሱን በእግሮቹ መካከል ወደ ኋላ ከማቀበሉ በፊት የባላጋራውን አሰላለፍ መርምሮ፣ በሕዝብ ጩኸት መካከል ማን ማንን እንደሚይዝ ይናገራል።

መስመሩ የአንድ ሰው ሳይሆን የአምስቱ ኅብረት መሆኑን የካንሳስ ሲቲ ቡድን በመከራ ተምሮታል። በፌብሩዋሪ 2021 ሁለቱ የዘወትር ታክሎቹ ተጎድተው በተተኪዎች ወደ ዓመቱ የፍጻሜ ግጥሚያ ወደ ሱፐር ቦውል ገብቶ፣ ኳርተርባኩ ፓትሪክ ማሆምስ ሲሸሽ አምሽቶ አንድ ታችዳውን (ኳሱን የመጨረሻውን መስመር ማሻገር) እንኳ ሳይገኝ 31 ለ9 ተሸነፈ። መሪዎቹም በዚያው ዓመት መስመሩን ከሥሩ አፍርሰው ሠሩት፤ ጆ ቱኒን በደመወዝ፣ ኦርላንዶ ብራውንን በልውውጥ፣ ሴንተሩን ክሪድ ሀምፍሪን ድራፍት በሚባለው የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ በሁለተኛው ዙር፣ ትሬይ ስሚዝን ደግሞ ብዙዎች ካለፉት በኋላ በስድስተኛው ዙር 226ኛ አድርገው አመጡ። እነዚህ አራቱ ሁለት የውድድር ዘመን ጎን ለጎን ከቆሙ በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2023 በመደበኛው ወቅት ኳርተርባኮችን 70 ጊዜ የጣለውን የፊላደልፊያን ቡድን በሱፐር ቦውል ገጠሙ፤ ማሆምስም አንድ ጊዜ እንኳ ኳስ እንደያዘ ሳይጣል 38 ለ35 አሸነፉ።

ኳሱ እንደተወረወረ ዓይናቸውን ወደ ሰማይ ሰድደው ለተቀባዩ ብቻ የሚያጨበጭቡ ተመልካቾች ከጨዋታው እኩሌታውን ሳያዩ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። አንባቢ ሆይ፣ በሚመጣው እሑድ ኳሱ ከሴንተሩ እጅ ሲወጣ እርሱን አይከተሉ፤ የጋርዱንና የታክሉን እግር ይመልከቱ።