ስሙ የገነነ ኮራል ሁሉ ብርቅ አይደለም

በቤታቸው የጨው ውኃ ገንዳ ኮራል የሚያሳድጉ ሰዎች ብዙ ገንዘብ የሚያጡት «ብርቅ ነው» የተባለውን ለስላሳ ኮራል ሲገዙ ነው። ገንዘቡ ይቅር፤ የሚያሳዝነው ከባሕር ተነቅሎ መጥቶ በከንቱ የሚሞተው እንስሳ ነው። አዎ፣ እንስሳ። ኮራል ተክል ነው የሚለው እምነት የስህተቶቹ ሁሉ መነሻ ነው። ፖሊፕ የሚባለው እያንዳንዱ ትንሽ አካል አፍና ሆድ አለው። በብዙዎቹ ሥጋ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ከብርሃን ምግብ እየሠሩ ያካፍሉታል፤ ተክል ያስመሰለውም ይኸው ነው።

«ስሙ እንግዳ ከሆነ ዝርያው ብርቅ ነው» ይባላል። በአሜሪካና በአውሮፓ ገበያ ሻጮች ለእያንዳንዱ የቀለም ልዩነት ማራኪ ስም ያወጣሉ። ይህ የንግድ ስም እንጂ የዝርያ ስም አይደለም፤ አንዱ ኮራል በሁለት ሱቅ በሁለት ስምና በሁለት ዋጋ ሊሸጥ ይችላል። ዝርያን በትክክል መለየት የላቦራቶሪ ሥራ ነው። እንደ ሲኑላሪያና ሳርኮፋይተን ባሉት ኮራሎች ሥጋ ውስጥ ስክሌራይት የሚባሉ ጥቃቅን የኖራ ቅንጣቶች አሉ። ባለሙያው ትንሽ ቁራጭ በረኪና ውስጥ ይጨምራል፤ ሥጋው ይሟሟል፣ ቅንጣቶቹ ከሥር ይዘቅጣሉ፣ ከዚያ ቅርጻቸውን በማይክሮስኮፕ ያያል። ስለዚህ ፎቶ ብቻ አይቶ የዝርያውን ስም በእርግጠኝነት የሚናገር ሻጭ አይታመን።

ወገኑን መለየት ግን ገዢም ይችላል። አጉሊ መነጽር ይዘው የተከፈተ ፖሊፕ ይመልከቱ፦ እውነተኛ ለስላሳ ኮራል ስምንት እጆች አሉት፣ ዳርና ዳራቸውም እንደ ላባ የተተለተለ ነው። እጆቹ ከስምንት በላይና ልሙጥ ከሆኑ፣ ከለስላሳ ኮራል ጋር ተደባልቆ የሚሸጠው ዞአንተስ ሊሆን ይችላል። ይህን መለየት ለጤናም ይጠቅማል። አንዳንዶቹ የዞአንተስ ዘመዶች ፓሊቶክሲን የተባለ ብርቱ መርዝ ስላላቸው፣ የተጣበቁበትን ድንጋይ በፈላ ውኃ ለማጽዳት መሞከር መላውን ቤተሰብ ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል።

ቀለሙስ? በሰማያዊ መብራት ሥር ብዙ ኮራል እንደ ፍም ያበራል። ነጭ መብራት ሲበራበት ቡናማ ሆኖ የሚገኘው ጥቂት አይደለም። ሻጩ ነጩን መብራት ለአንድ አፍታ እንዲያበራ ይጠይቁ፤ እምቢ ካለ መልሱን አግኝተዋል።

ከሁሉ የሚጎዳው «ያማረው ሁሉ ቤት ውስጥ ይኖራል» የሚለው ነው። ዴንድሮኔፍትያ የተባለውን ለስላሳ ኮራል እንውሰድ። በቀይ ባሕር ገደሎች ላይ ቀይ፣ ሐምራዊና ብርቱካናማ ሆኖ ይንዠረገጋል፤ ግንዱ በውኃ ሲነፋ ቆዳው ስለሚሳሳ የኖራ መርፌዎቹ ከውጭ ይታያሉ። ዴንድሮኔፍትያ በሥጋው ውስጥ አልጌ የለውም፤ የፈለገውን ያህል ብርሃን ቢያገኝ አይጠግብም። እ.ኤ.አ. በ1995 ካታሪና ፋብሪሲየስና ባልደረቦቿ «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ባወጡት የቀይ ባሕር ጥናት እንዳሳዩት፣ ይህ እንስሳ የሚኖረው በዋናነት የውኃው ፍሰት የሚያመጣለትን ደቂቅ የዕፅዋት ፕላንክተን እያጠለለ ነው። ሌት ተቀን የሚፈስ ምግብ ቤት ውስጥ ማቅረብ እጅግ ከባድ ነው፤ የተትረፈረፈው ምግብ ደግሞ ውኃውን ያበላሻል። አብዛኞቹ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ እየተኮማተሩ ይሞታሉ። ሻጩ «ጀማሪም ይይዘዋል» ቢልም፣ በእኔ እምነት ለቤት ገንዳ መሸጡ ራሱ ተገቢ አይደለም።

በተቃራኒው፣ ሳርኮፋይተን ለቀናት ተከድኖ፣ ላዩ እንደ ሰም ሲያብለጨልጭ «እየሞተ ነው» ብለው የሚጥሉት አሉ። ብዙውን ጊዜ ላዩን የሸፈነውን ስስ ልባስ እየጣለ ነው፤ ሲጨርስ እንደገና ይከፈታል።

«ለስላሳ ኮራል ፈቃድ አያስፈልገውም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው። አብዛኞቹ ለስላሳ ኮራሎች፣ ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ንግድ በሚቆጣጠረው ሳይተስ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ የሉም። ነገር ግን የእነርሱው የቅርብ ዘመዶች የሆኑት ቀዩ ቱቢፖራና ሰማያዊው ኮራል በዝርዝሩ አሉ፤ ድንበር ለማሻገር ሰነድ ይጠየቃል። በእስራኤልና በግብፅ ደግሞ ኮራል በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ኤላት ወይም ሻርም ኤል ሼክ የሄደ ወገናችን የሞተ ቁራጭ እንኳ ለማስታወሻ ማንሳት የለበትም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ሳርኮፋይተን በንጹሕ ምላጭ ተቆርጦ በትንሽ ድንጋይ ላይ ቢያዝ፣ ቁራጩ በጥቂት ሳምንት ተጣብቆ ራሱን የቻለ ኮራል ይሆናል። ዛሬ ብርቅ ተብሎ የተወደደው ነገ በየገንዳው ሊበዛ ይችላል። ስለዚህ ሲገዙ በቅድሚያ «ከባሕር የመጣ ነው ወይስ እዚሁ የተባዛ?» ብለው ይጠይቁ፤ ቀጥሎም «ምን ይበላል?» ይበሉ። እዚሁ የተባዛውን ይምረጡ፤ ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ከሌለው ሻጭ አይግዙ።