ስለ ዛገ ዳዶ አፈታት

የመለዋወጫ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ባለመኪናን አዲሱን ዕቃ ከመግጠም ይልቅ አሮጌውን መፍታት የበለጠ ያስቸግረዋል። በግቢው ውስጥ ማርሚታውን ወይም የፍሬኑን ሸራ ራሱ ሊለውጥ የተነሣ ሰው፣ ጠዋት ዕቃውን ገዝቶ ይሄድና ከሰዓት በኋላ የተሰበረ ቡሎን በእጁ ይዞ ይመለሳል። ዋጋው እጅግ ትንሽ የሆነ አንድ ዳዶ እንቢ በማለቱ፣ ቡሎኑ የተተከለበት ትልቅ አካል ተነቅሎ ወደ ቶርኖ ቤት ለመሄድ ይገደዳል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ለብዙ ሰው ይበልጥ አስፈላጊ ሆኖአል። ስለዚህ ዳዶ እንዴት እንደሚይዝና እንዴት እንደሚለቅ ለሻጩም ለገዢውም ማብራራቱ ጠቃሚ መስሎ ታይቶናል።

ብረት በውሃና በአየር ምክንያት ሲዝግ፣ ዝገቱ ከበላው ብረት ይልቅ ከሁለት እጥፍ በላይ የሆነ ስፍራ ይይዛል። በዳዶውና በቡሎኑ ጥርስ መካከል ያለው ክፍተት ግን እጅግ ጠባብ ነው። ስለዚህ ያበጠው ዝገት መሄጃ አጥቶ ሁለቱን እንደ ሽብልቅ ያጣብቃቸዋል። በማርሚታ አጠገብ ያለው ዳዶ በየቀኑ እየጋለ እየቀዘቀዘ ስለሚኖር ከሌላው ሁሉ ይብሳል። በአውሮፓ በክረምት ወራት በረዶውን ለማቅለጥ በመንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን፣ ከዚያ አገልግለው የመጡ መኪናዎች ከላይ ቀለማቸው ያማረ ቢሆንም ከሥራቸው በኩል ዳዶዎቻቸው በዝገት ተሸፍነው ይገኛሉ። በባሕር ዳርቻ የኖሩትም እንዲሁ ናቸው። የብረት ቡሎን በአሉሚኒየም ውስጥ የተተከለ እንደ ሆነ ደግሞ፣ ሁለቱ ልዩ ልዩ ማዕድናት እርጥበት ባገኛቸው ጊዜ አሉሚኒየሙ እየተበላ ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ያወጣና ቡሎኑን ቀርቅሮ ይይዘዋል።

እንግዲህ ያስቸገረው ይህ ዝገት ከሆነ፣ ሥራው ሁሉ የዝገቱን መያዣ ለመስበር የታሰበ መሆን አለበት ማለት ነው። ብዙ ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ ረጅም ቧንቧ ፈልጎ በቁልፉ ጫፍ ላይ ይሰካል። የዚህን አደጋ በቁጥር መመልከት ይቻላል። 8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውና በራሱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር የተቀረጸበት ቡሎን በሚገባ ለመጥበቅ የሚፈልገው 2.5 ኪሎግራም ሜትር ገደማ ነው። አንድ ጐልማሳ 30 ሳንቲሜትር ርዝመት ያለውን ቁልፍ በ40 ኪሎ ኀይል ቢስበው 12 ኪሎግራም ሜትር ይሆናል፤ ይህም ያለ ምንም ቧንቧ ከታሰበለት አምስት እጥፍ ገደማ ነው። በቧንቧ ርዝመቱን ወደ 90 ሳንቲሜትር ያደረሰው እንደ ሆነ ኀይሉ ሦስት ጊዜ ይበዛል። ቡሎኑ መሰበሩ ሊያስደንቅ አይገባም።

ከጉልበት የሚቀድመው የቁልፍ ልክ ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዊትዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1841 የቡሎን ጥርስ በአንድ ልክ እንዲሠራ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ አሜሪካዊው ዊልያም ሴለርስ በ1864 ሌላ ልክ አቀረበ። እንግሊዝ፣ አሜሪካና ካናዳ የጥርሱን ልክ ለማስማማት የተፈራረሙት በ1948 ነው። ሌላው የዓለም ክፍል አብዛኛው በሚሊሜትር ሲሠራ ቈይቶአል። በአገራችን ከየአገሩ የመጣ መኪና ስላለ፣ ይህ ሁሉ ልክ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ይገናኛል። የ13 ሚሊሜትር ቁልፍ በግማሽ ኢንች ዳዶ ላይ ይገባል፤ ነገር ግን ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊሜትር በመሆኑ ቁልፉ እየተላወሰ የዳዶውን ማዕዘን ይበላዋል። 19 ሚሊሜትርና ሦስት አራተኛ ኢንች ግን የሚለያዩት በ0.05 ሚሊሜትር ብቻ ስለ ሆነ አንዱ በሌላው ምትክ ቢሠራ ጕዳት የለውም። በሚሊሜትር ከሚሠሩት መካከል እንኳ ልዩነት አለ፤ ለ8 ሚሊሜትር ቡሎን ጃፓኖች ብዙውን ጊዜ የ12 ቁልፍ ሲፈልጉ፣ ጀርመኖች የ13 ይፈልጋሉ። ስለዚህ ለቶዮታ ባለቤት 10፣ 12 እና 14 ቁጥር፣ ለአሮጌ ቮልስዋገን ባለቤት ደግሞ 13 እና 17 ቁጥር ቁልፍ ነጥሎ የሚሸጥ ባለ ሱቅ ደንበኛውን በእውነት ረዳው ማለት ነው። በሣጥን ተሟልተው ከሚመጡት ርካሽ ቡሶላዎች ብዙዎቹ ባለ 12 ማዕዘን ናቸው፤ የዛገውን ዳዶ በሰፊው የሚይዘው ግን ባለ 6 ማዕዘኑ ነው። አስመጪዎች ይህን ልዩነት በትእዛዛቸው ላይ ለይተው ቢጽፉት መልካም ነው።

ልኩ ከተገኘ በኋላ የዘይት ተራ ይሆናል። አስቀድሞ ከዳዶው ውጭ ያለው የቡሎን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ መጽዳት አለበት፤ ዘይቱ በቆሻሻ ላይ ቢፈስ ወደ ውስጥ አይደርስም። ከዚያ የሚሰርግ ቀጭን ዘይት በዳዶው ዙሪያ ይፈስስና ጊዜ ይሰጠዋል። ይህ ጊዜ መስጠት የሚባለው ነገር ነው ባለመኪናውን የሚያስቸግረው። አምስት ደቂቃ አይበቃም፤ ማታ አጠጥቶ ማሳደር፣ ጠዋትም ደግሞ ማጠጣት ይገባል። በየመካከሉ የዳዶውን ጎን በትንሽ መዶሻ ደጋግሞ መታ መታ ማድረግ ዝገቱን ያነቃዋል፣ ለዘይቱም መንገድ ይከፍትለታል። የቡሎኑን ጫፍ መምታት ግን ጥርሱን ያጠፋል።

በየሱቁ የሚታወቀው ደብልዩ ዲ ፎርቲ እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ በሳን ዲዬጎ ሲሠራ፣ የተፈለገው የሮኬትን አካል ከውሃና ከዝገት ለመጠበቅ ነበር፤ ስሙም ውሃን ማስወገድ ከሚለው ቃልና ከ40ኛው ሙከራ የወጣ ነው። ለቀላል ዝገት ይረዳል። ለጠናው ዝገት ግን ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተዘጋጀው ሰርጎ ገብ ዘይት ይሻላል፤ ሁለቱን አንድ ነው ብሎ መሸጥ አይገባም። ይህ ባይገኝ ነጭ ጋዝ ከጥቂት የሞተር ዘይት ጋር ተቀላቅሎ፣ ወይም ናፍጣ ብቻውን፣ በትዕግሥት ከተጠቀሙበት ይሠራል። አንዳንድ ሰው የሚያፈስሰው የፍሬን ዘይት የመኪናውን ቀለም ስለሚያበላሽ አይመከርም። ማናቸውም ዘይት በፍሬኑ ሸራ ላይ እንዳይፈስስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ዘይት የነካው ሸራ መኪና አያቆምም።

ወደ መፍታቱ ሲደረስ ዳዶውን አስቀድሞ በጥቂቱ ወደ መጥበቂያው አቅጣጫ መሞከር ይጠቅማል፤ የዝገቱ ቅርፊት አንድ ጊዜ ከተሰነጠቀ በሁለቱም በኩል ይላላልና። ሲንቀሳቀስ ሩብ ዙር ፈትቶ፣ ጥቂት መልሶ፣ ዘይት ጨምሮ እንደገና መቀጠል ነው። ቁልፉን ወደ ራስ መሳብ እንጂ መግፋት አይገባም፤ ድንገት ሲለቅ የጣት አጥንት ከብረት ጋር ይጋጫል። የጎማ ዳዶ የሚላላው ጎማው መሬት እንደ ነካ ነው። በክሪክ ብቻ ከተንጠለጠለ መኪና ሥር ገብቶ ቁልፍ መሳብ ግን ሕይወትን በአንድ ብረት ላይ መጣል ነው። አንዳንድ የቆዩ የክራይስለር መኪናዎችና አንዳንድ የአይሱዙ የጭነት መኪናዎች በግራ ጎማቸው ላይ ያለው ዳዶ በተቃራኒ የሚዞር መሆኑንም ማስታወስ ይገባል። የዛገ የመሰለው ዳዶ እየጠበቀ እየተሰበረ ያለው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ካልረዳ እሳት አለ። 12 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው ዳዶ ሙቀቱ በ250 ዲግሪ ቢጨምር ቀዳዳው የሚሰፋው 0.036 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ከሰው ጠጉር ውፍረት ያነሰ ቢሆንም ዝገቱን ለመሰንጠቅ ይበቃል። ለዚህም ነው እሳቱ በዳዶው ላይ ብቻ እንዲያርፍ የሚፈለገው፤ ቡሎኑ አብሮ ከጋለ እርሱም አብሮ ያብጣል። ይሁን እንጂ ይህ ሥራ በግቢ ውስጥ ባይደረግ ይመረጣል። በነዳጅ ታንክና በነዳጅ መስመር አጠገብ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። አየር የተሞላ ጎማ በተገጠመበት ቸርኬ ላይ ያለውን ዳዶ በእሳት ማጋል ጎማውን እንደ ቦምብ ሊያፈነዳው ይችላል፤ በዚህ ሰው ሞቶአል። አስቀድሞ የፈሰሰው ዘይትም ስለሚቀጣጠል መጠረግ አለበት። ክሎሪን ባለበት የፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረት ቢጋል ደግሞ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል።

ማዕዘኑ ያለቀ ዳዶ በሴጌቶ ወይም በመሮ ተሰንጥቆ ይወጣል፤ ቡሎኑን ለማትረፍ ሲባል ዳዶውን ማጥፋት ርካሽ ነው። የጋለ ወይም የተቈረጠ ዳዶ ተመልሶ አይገጠምም። ምትኩ ሲሸጥ የጥርሱ ልክ ብቻ ሳይሆን ጥንካሬውም ሊጠየቅ ይገባል፤ በ8.8 ቡሎን ላይ የሚታሰረው የ8 ቁጥር ዳዶ ነው። ቁጥር የሌለበትን በኪሎ የሚሸጥ ዳዶ ለፍሬንና ለመሪ ክፍል መስጠት አይገባም።

ሲገጠም በማርሚታ ጥርስ ላይ መዳብ ያለበት ቅባት ጥቂት ቢቀባ ለሚመጣው ጊዜ መፍታቱ ይቀላል። በጎማ ዳዶ ላይ ግን የመኪናው ሠሪ ካልፈቀደ በቀር ቅባት አይደረግም፤ ጥርሱ ሲቀባ በዚያው ጉልበት ቡሎኑ ከሚገባው በላይ ይሳባልና። የጎማው ዳዶ በመስቀል ቅርጽ ተራ በተራ ጠብቆ፣ መኪናው ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ይፈተሻል።