አጥንት ከረዘመ በኋላ፦ የጡንቻን ኃይል ስለ መመጠን

በአደጋ ወይም በአጥንት ሕመም ያጠረ እግር በቀዶ ሕክምና ሊረዝም ይችላል። ዘዴውን እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሳይቤሪያዋ ኩርጋን ያዳበረው የሶቭየት ሐኪም ጋቭሪል ኢሊዛሮቭ ነው። አጥንቱ ተቆርጦ በብረት ቀለበቶችና በሽቦዎች ይያዛል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ክፍተቱ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል፣ አብዛኛውን ጊዜ በአራት ተከፍሎ፣ እንዲሰፋ ይደረጋል። በክፍተቱም አዲስ አጥንት ይበቅላል።

ጡንቻው ግን እየተሳበ ይኖራል። የጡንቻ ክር የሚኮማተረው ሳርኮሜር በሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች ነው፤ ሳርኮሜር ከልኩ አልፎ ሲለጠጥ በውስጡ ያሉት ክሮች መደራረባቸው ስለሚቀንስ ኃይሉ ይደክማል። ጡንቻው አዳዲስ ሳርኮሜሮችን በተርታ እየጨመረ ከአጥንቱ ጋር ሊስተካከል ይጥራል፤ ሁልጊዜ ግን አይደርስበትም። አንጎልም ለቀድሞው እግር የለመደውን ትእዛዝ ለአዲሱ ርዝመት እንደገና መማር ይኖርበታል። በመሆኑም ታካሚው በሙሉ ኃይሉ መግፋት ቢችል እንኳ፣ የኃይሉን ሩብ ብቻ አውጥቶ እንዲያጸና ሲጠየቅ እግሩ ሊዋዥቅ ይችላል።

ለዱርቤቴ አካባቢ ገበሬ ይህ ጥቂት ነገር አይደለም። እርፍ ጨብጦ በጓል ላይ የሚራመድ ሰው በየእርምጃው ኃይሉን መመጠን አለበት፤ ካልሆነለት ገና ያልጠነከረውን አጥንት ለስብራት ያጋልጣል። አጥንቱ መግጠሙን በራጅ አይቶ ብቻ ወደ እርሻ መመለስ የሚያስቸግረውም በዚህ ነው። ለልምምዱ ውድ መሣሪያ አያሻም። ሐኪሙ በፈቀደው ክብደት ልክ የጤና ጣቢያውን ሚዛን በእግር መጫን፣ ቀስቱንም ከተወሰነው ቁጥር ላይ ሳያወዛውዙ ማቆየት ይበቃል።